የጻፈውና ያጻፈው
በገዛ ኪሳቸው ስላሳተሙ ደራስያን

አንድ አዲስ መጽሐፍ በተማሪ መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር፣ ስለ ይዘቱ ወሬ ከመነሣቱ በፊት የምትወረወር ቃል አለች። «ራሱ ያሳተመው እኮ ነው» ትባላለች። አጭር ብትሆንም ፍርድ ናት። ድርጅት ያላመነበት፣ ዐዋቂ ያልመረመረው፣ ገንዘብ ስላገኘ ብቻ ደራሲ ልባል ያለ ሰው ሥራ ነው ማለት ነው። ይህች ቃል እውነት የያዘችበት ጊዜ አለ። ነገር ግን እንደ ሕግ ከተወሰደች የአማርኛን ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ግማሹን ይዛ ገደል ትገባለች። ስለዚህ በዚህች ጽሑፍ አንድ ጥያቄ እናነሣለን። ደራሲ በገዛ ወጪው እያሳተመ ስም ሊያወጣ ይችላል ወይ? ከቻለስ ስሙን የሰጠው ማን ነው፤ ገንዘቡ ነው፣ ብዕሩ ነው፣ ወይስ ሌላ?

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ ብራናው ዘመን መመለስ ይጠቅማል። በዚያ ዘመን አንድ መጽሐፍ ሁለት ባለቤቶች ነበሩት፤ የጻፈውና ያጻፈው። የጻፈው ማለት ቀለም በጥብጦ፣ ብርዕ ቀርፆ፣ ወራት ሙሉ አጎንብሶ ፊደል የሚጥለው ሰው ነው። ያጻፈው ደግሞ ለቆዳው፣ ለቀለሙና ለጸሐፊው ድካም የከፈለው ንጉሥ፣ መኰንን፣ ወይዘሮ ወይም ደብር ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ በሚገኘው ጸሎት ለሁለቱም ምሕረት ይለመንላቸዋል። ከእነሱም ቀጥሎ ላነበበው፣ ለተረጐመውና ቃሉን ለሰማው ይለመናል። የድርሰቱ አመንጪ ስም ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። እንደ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በስማቸው የታወቁ ሊቃውንት ቢኖሩም፣ ብዙው ገድልና ብዙው ተአምር ደራሲው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ለእኛ ደርሷል።

ይህ እንዲያው የመዘንጋት ጉዳይ አይደለም። ልማድም ነበረበት። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው አባባል የወጣው ከዚህ ዓይነት ኅብረተሰብ ነው። ጦረኛ ግዳይ ጥሎ ሲመለስ አባቱን እየጠራ፣ ፈረሱን እየጠራ ቢፎክር ያምርበታል እንጂ ነውር የለበትም። የብዕር ሰው ግን እኔ ጻፍኩት፣ እኔን አንብቡኝ ብሎ አደባባይ ቢወጣ ትዝብት ላይ ይወድቃል። ያመሰግኑታል እንጂ ራሱን አያመሰግንም። በገዛ ገንዘቡ የሚያሳትም ደራሲ እንግዲህ ከዚህ ልማድ ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል። የጻፈውም ያጻፈውም አንድ ሰው ሲሆን፣ ሸቀጡን የሚጠራው ሌላ ማን ይመጣለታል?

የማተሚያ መሣሪያ ወደ ቀይ ባሕር ጠረፍ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። ቢያንኬሪ የሚባል የላዛሪስት ሚሲዮናዊ ምጽዋ ላይ ተከለው። በአዲስ አበባ ደግሞ ማተሚያው በምኒልክ ዘመነ መንግሥት ገባ። በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ። መሣሪያው ሲመጣ የገንዘቡም ሥርዐት አብሮ ተለወጠ። በብራና ጊዜ አንድ መጽሐፍ የሚጻፈው አንድ አጻፊ ሲገኝለት ነው፤ ወጪውና ፈላጊው አብረው ይመጣሉ። በማተሚያ ግን ፊደሉ ተለቅሞ ገጹ እስኪሰደር ድረስ ያለው ወጪ የሚወጣው ገና አንድም ገዢ ሳይታይ ነው። አንድ ሺህ ቅጂ ከመሸጡ በፊት የአንድ ሺሁ ወረቀት መከፈል አለበት። ታዲያ ያጻፈው ማን ይሁን? የአማርኛ ድርሰት ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ ልዩ ልዩ መልሶች ታሪክ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

የመጀመሪያውን ትልቅ መልስ የሰጡት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1871 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው አደጉ፤ ኋላም እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ደረሱ። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው አወጡት። ይህን ልብ እንበል። ሰውዬው ገና በጠዋቱ ያደረጉት የሰውን መጽሐፍ መቁጠር ነው። የራስን መጽሐፍ ከማብዛት በፊት ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ ማወቅ ማለት ይኼ ነው። ከዚያ በኋላ «ወዳጄ ልቤ» በ1915 ዓ.ም.፣ «አዲስ ዓለም» በ1925 ዓ.ም. ወጡ፤ በመካከሉም የታሪክ፣ የምክርና የጉዞ መጻሕፍት ተከታተሉ። ጎሐ ጽባሕ የተባለ የራሳቸውን ማተሚያ ቤት እስከ ማቋቋምም ደረሱ። «አዲስ ዓለም» የታተመው በዚያው ነው። መጽሐፉ ፈረንሳይ አገር ተምሮ የተመለሰው አወቀ የተባለ ወጣት ከወገኑ ልማድ ጋር የገጠመውን ትግል የሚተርክ ነው። እንዲህ ያለ አሳብ ሌላ ሰው በያዘው መኪና ላይ ይታተም ዘንድ ከመለማመጥ ይልቅ መኪናውን መግዛት ይሻላል ያሉ ይመስላል።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን ደፍረን መናገር አለብን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ሹም ነበሩ። ከአልጋ ወራሹ፣ ኋላም ከንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ የሚቆሙ ሰው ነበሩ። በዚያው ዘመን አንድ ተራ የቅኔ መምህር ወይም ዳዊት ደጋሚ ሹሩባ የሚያህል ድርሰት ቢኖረው እንኳ ማተሚያ ቤት ሊከፍት አይችልም። ስለዚህ ገንዘቡና ሥልጣኑ በር ከፍቶላቸዋል። ነገር ግን በር መክፈትና ቤት መሙላት ለየቅል ናቸው። በዚያ ዘመን ከእሳቸው የበለጠ ሀብትና ከእሳቸው የበለጠ ሹመት የነበራቸው መኳንንት ሞልተው ነበር፤ ከእነሱ ስንቱን ዛሬ በደራሲነት እናነሣዋለን? ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1931 ዓ.ም. መስከረም ላይ በእንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ፣ በስደት ሳሉ ሞቱ። ሹመቱ ከመንግሥቱ ጋር አስቀድሞ ወድቆ ነበር። መጻሕፍታቸው ግን አልወደቁም።

ሁለተኛውን መልስ የሰጡት ደግሞ ሹመት የሌላቸው ሰው ናቸው፤ ተስፋ ገብረ ሥላሴ። እኚህ የቡልጋ ተወላጅ ያሳተሙት ልብ ወለድ አይደለም፤ ፊደል ነው። ሥራውን በእጅ ጽሑፍ ጀምረው ወደ ማተሚያ ተሸጋገሩ፤ ቆይተውም በስማቸው የሚጠራ ማተሚያ ቤት አቋቋሙ። ሀሁ፣ አቡጊዳና መልእክተ ዮሐንስ ያለበት የፊደል ገበታቸው ያልገባበት የቄስ ትምህርት ቤት የት አለ? በገበታው ላይ «ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ» የሚለው ስም ከነትውልድ አገሩ ታትሟል። ከፊደል ቀጥሎ ብዙ ልጅ መጀመሪያ ፊደል ቆጥሮ ያነበበው የሰው ስም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ ይህ ስም በማስታወቂያ ብዛት አልገነነም። ገበታው ርካሽ ነበር፣ ለሁሉ የሚያስፈልግ ነበር፣ ዛሬ የተገዛው ትናንት ከተገዛው አይለይም ነበር። የቸርቻሪ ቋንቋ ብንጠቀም፣ ደንበኛ የተያዘው በዕቃው ጥራት ነው።

ይህ ነገር የእኛ አገር ድህነት ያመጣው ብቻ እንዳይመስለን ወደ ውጭም እንመልከት። ዋልት ዊትማን የተባለው አሜሪካዊ ባለቅኔ ገና በልጅነቱ የማተሚያ ቤት ሥራ የለመደ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855፣ በ36 ዓመቱ፣ «የሣር ቅጠሎች» የተባለውን መጽሐፉን ብሩክሊን ውስጥ በአንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት በራሱ ወጪ አሳተመ። ጥቂቱን ገጽ ፊደሉን የለቀመው ራሱ ነው። 12 ግጥሞች፣ ወደ 795 ቅጂ። በርእሱ ገጽ ላይ የደራሲው ስም የለም። በምትኩ ኮፍያውን ያጋደለ፣ ኮት ያልለበሰ፣ እጁን ኪሱ የከተተ የአንድ ሠራተኛ መሳይ ሰው ሥዕል ተቀምጧል። መጽሐፉ እምብዛም አልተሸጠም።

ዊትማን አንድ ቅጂ ለኤመርሰን ላከ። ኤመርሰን በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ምሁራን ዘንድ ቃሉ የሚሰማ ትልቅ ሰው ነው። በሐምሌ 1855 ሞቅ ያለ የምስጋና ደብዳቤ መለሰለት። ታዲያ ዊትማን ምን አደረገ? የግል ደብዳቤውን ላኪውን ሳያስፈቅድ ጋዜጣ ላይ አወጣው። ይህም አልበቃው ብሎ በ1856 ባወጣው ሁለተኛ እትም ከደብዳቤው አንድ ዐረፍተ ነገር ከነኤመርሰን ስም በወርቅ ቀለም በመጽሐፉ ጀርባ ላይ አተመው። ከዚህም በላይ ስሙን ሳይገልጽ የገዛ መጽሐፉን እያወደሰ ሂስ ጽፎ በጋዜጣ አስወጥቷል። የእኛ ሽማግሌዎች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር! «ሙያ በልብ» ቀርቶ ሙያ በጀርባ ሆነ።

ዊትማን ስም ያወጣው በዚህ ተንኮል ነውን? አይደለም። የወርቁ ቀለም ሁለተኛውን እትም ገበያ አላስገኘለትም። ስሙን ያቆመለት ሌላ ነገር ነው። ያንኑ አንድ መጽሐፍ እያረመ፣ እየጨመረ፣ እንደገና እያሳተመ እስከ 1892፣ እስከ ሞተበት ዓመት ድረስ ከ36 ዓመት በላይ ያዘው። በ1881 አንድ የቦስተን አሳታሚ ተቀብሎት ነበር። በተከታዩ ዓመት ዐቃቤ ሕጉ ጸያፍ ነው፣ ይህ ይህ ይሰረዝ ብሎ ሲዝት አሳታሚው ፈርቶ እጁን አነሣ። ዊትማን ግን አልሰርዝም ብሎ መጽሐፉን ወደ ፊላደልፊያ ይዞ ሄደ፤ ወሬውን የሰማ ሁሉ ሊገዛው ተሻማ። እዚህ ላይ ደራሲውን ያዳነው በሥራው ላይ ማዘዙ ነው። አሳታሚ ሊተውህ ይችላል፤ የጻፈውና ያጻፈው አንድ ሲሆን ግን የሚተው የለም።

በአንጻሩ ደግሞ ቻርልስ ዲክንስን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1843 ስሙ የገነነ ደራሲ ነበር። የገናውን ታሪክ በራሱ ወጪ አሳተመና ዋጋውን በ5 ሺልንግ ወሰነ። ጠርዙ ወርቅ፣ ሥዕሉ በቀለም እንዲሆን አዘዘ። በታኅሣሥ አጋማሽ ወጥቶ እስከ ገና ዋዜማ 6,000 ቅጂ አለቀ። 1,000 ፓውንድ አተርፋለሁ ብሎ ሲጠብቅ ከመጀመሪያው እትም የደረሰው 230 ፓውንድ ገደማ ብቻ ሆነ፤ ትርፉን የበላው ጌጡ ነው። ብዙም ሳይቆይ መጽሐፉን ገልብጠው ያሳተሙ ሌቦችን ከስሶ ረታ፤ እነሱ ግን ከሠርን ብለው የፍርድ ቤቱን ወጪ በእሱ ላይ ጣሉበት። ስም ያለው ሰው እንኳ አጻፊ ሲሆን ሒሳብ ማወቅ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከጦርነቱ በኋላ የአማርኛ ደራሲ የሚሄድበት መንገድ ይህን ይመስል ነበር። ረቂቁን ወደ ሳንሱር ይወስዳል። ሳንሱሩ ካለፈለት ወደ ማተሚያ ቤት ሄዶ ቅድሚያ ክፍያ ይከፍላል። የጎደለውን ከወዳጅ ይበደራል። ታትሞ ሲወጣ እስሩን ተሸክሞ በየመጻሕፍት መደብሩ ይዞራል። ያልተሸጠው አልጋ ሥር ይገባል። አብዛኛው ደራሲ የወር ደመወዝ ስለነበረው ይህን እንደ ትርፍ ሰዓት ሥራ ይቆጥረው ነበር። አቤ ጉበኛ ግን የመንግሥት ሥራውን ትቶ በብዕሩ ልኑር አለ። በዚህ ረገድ ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነው።

በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» ወጣ። ግፍ በሞላበት አገር አልወለድም ብሎ በማሕፀን ሳለ የሚሟገት ፅንስ ታሪክ ነው። መጽሐፉ ጥቂት ከተሸጠ በኋላ ተከለከለ፤ የቀረውም ተለቅሞ ተወሰደ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በገንዘብ ዓይን እንየው። አሳታሚ ድርጅት ቢሆን መጽሐፍ ሲወረስበት በሌላ መጽሐፍ ያካክሳል። በራሱ ወጪ ያሳተመ ሰው ግን ድርሰቱና ጥሪቱ በአንድ ቀን ይወረሱበታል። አቤ ከዚያ በኋላ ግዞትም ቀምሷል። ይሁን እንጂ አልተቀመጠም። በ1961 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት ላይ የተመሠረተውን «አንድ ለናቱ» አወጣ፤ በ1972 ዓ.ም. እስከ ሞተ ድረስም ጻፈ። አንባቢው የአቤን ስም በመጽሐፍ ላይ ሲያይ ገና ሳይገልጠው አንድ ነገር ያውቅ ነበር። ይህ ሰው የጻፈውን የጻፈው ዋጋ ከፍሎበት ነው። እንዲህ ያለ አመኔታ በገንዘብ አይገዛም፤ ገንዘብ በማጣት ግን የተገዛበት ጊዜ አለ።

ደግሞስ ሳይታተም ስም ያወጣ የለም? አለ እንጂ! የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ታትሞ ገበያ ከመዋሉ በፊት ብዙ ዓመት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነቧል። በገዛ ቤታችን፣ በዩኒቨርሲቲው ታሪክም፣ በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን የተሰማው የታምሩ ፈይሳ «ድኃው ይናገራል» ስሙ የናኘው ባደባባይ ተነቦ፣ በተማሪ አፍና እጅ ዞሮ ነው። በእነዚህ ሁሉ የማተሚያው መኪና ዘግይቶ መጣ፤ አንባቢውና አድማጩ ቀድሞ ነበር።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ተቋቋመና ብዙ ደራሲ ከማተሚያ ዕዳ ተገላገለ። ረቂቅ የሚመረምር ክፍል፣ የማከፋፈያ መረብና ሰፊ እትም ተገኘ። ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ነገር ግን የድርጅት ማኅተም ለደራሲው ጋሻ አልሆነውም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. የወጣው በዚሁ በኩራዝ ነው። ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በ1985 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 34 ቅድመ ምርመራ ቀረ። አሳታሚ ድርጅቶችም እየተዳከሙ ሲሄዱ ደራሲው እንደገና ወደ ገዛ ኪሱ ተመለሰ። ዛሬ በመጻሕፍት መደብሮችና በአዟሪዎች ክንድ ላይ ከምናየው ውስጥ ብዙው ደራሲው ራሱ ያሳተመው ነው። አሜሪካና አውሮፓ ባሉ ወገኖቻችን ዘንድም ያው ነው።

አሁን እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በር ጠባቂው ሲቀር ሳንሱሩ ብቻ አይደለም የቀረው፤ ብዙ ጊዜ አራሚውም አብሮ ቀረ። ድርጅት የሚያደርገውን ሥራ ሁሉ፣ ማለትም ማረም፣ መቀነስ፣ ይህ ምዕራፍ ይውጣ ማለትን፣ ደራሲው በራሱ ላይ ማድረግ አለበት። በራስ ላይ መጨከን ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ «ራሱ ያሳተመው ነው» የሚለው ንቀት የሚነሣበት ምክንያት አለው። ስሕተቱ መድኃኒቱን ሌላ በር ጠባቂ ከማምጣት መጠበቁ ነው።

ከላይ ያየናቸውን ሰዎች ጎን ለጎን ብናቆማቸው የሚያመሳስላቸው የገንዘብ ምንጭ አይደለም። አንዱ ሹም፣ አንዱ ፊደል ነጋዴ፣ አንዱ ፊደል ለቃሚ፣ አንዱ ሥራ የለቀቀ ጋዜጠኛ ነው። የሚያመሳስላቸው በአንድ መጽሐፍ አለመቆማቸው ወይም በአንድ መጽሐፍ ላይ ዕድሜ ልክ መቆማቸው ነው። አንባቢ አንድ ጊዜ በማስታወቂያ ሊታለል ይችላል። በሁለተኛው መጽሐፍ ግን በገዛ ልምዱ ይፈርዳል። ስም የሚባለው ነገር የሁለተኛው መጽሐፍ ገዢ የመጀመሪያውን አስታውሶ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ የሚደረገው ነገር ነው። እዚያ ላይ የወርቅ ቀለምም፣ ምረቃም፣ የታዋቂ ሰው አስተያየትም አይደርሱም።

ስለዚህ «ሙያ በልብ ነው» የሚለውን አባባል አንጥለውም፤ ቦታውን እንወስንለት። ደራሲ መጽሐፌ እዚህ አለ ማለት አለበት፤ ካላለ ማንም አያውቅለትም። መጽሐፌ ድንቅ ነው ማለት ግን የእሱ ሥራ አይደለም። ያ የአንባቢው ሥራ ነው። የብራናዎቹ ጸሎት ለጻፈውና ላጻፈው ብቻ ለምኖ እንደማያበቃ አይተናል፤ ላነበበውና ለሰማውም ቦታ ሰጥቷል። የዛሬው ደራሲ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሸክም ብቻውን ተሸክሟል። ሦስተኛውን ቦታ ግን ራሱ ሊይዘው አይችልም፤ ዊትማን በስውር ሂስ ሊይዘው ሞክሮ አልሆነለትም።

ያ ቦታ የእኛ ነው። ሥነ ጽሑፍ የምናጠና፣ በየሳምንቱ ስለ ሂስ ንድፈ ሐሳብ የምንማር ተማሪዎች ያልታወቀ ደራሲ ያሳተመውን መጽሐፍ አንሥተን፣ ማን ከፈለው ብለን ሳይሆን ምን ይላል፣ እንዴት ይላል ብለን መርምረን የማንጽፍ ከሆነ ማን ይጻፍ? ይህች ቡለቲን እንኳ ያለ አሳታሚ የምትወጣ ናት፤ የምትጽፈውም የምታጽፈውም እኛው ነን። ቢያንስ በየእትሟ አንድ ገጽ ለእንዲህ ዓይነት መጻሕፍት ሂስ ትመድብ። ደካማው ደካማ ይባል፤ ምክንያቱም ይነገረው። ጎበዙም ጎበዝ ይባል፤ እሱም ምክንያቱ ይነገረው። በገዛ ኪሱ አሳትሞ አልጋ ሥር ከከተተው እስር መካከል ሁለተኛውን መጽሐፍ ለመጻፍ የሚነሣው ደራሲ የሚነሣው አንድ ሰው ከልቡ እንዳነበበው ሲያውቅ ነው።